የኮምባይኑ ተራ

ገብረ መድኅን «እስቲ ልጸልይበት» ሳይል አንድ ነገር ሲወስን ያየ ሰው ከሮቤ እስከ ጎባ ባለው መንገድ ዳር የለም። በሬ ሊሸጥ ሲያስብ ይጸልይበታል፤ ልጁን ለትዳር ሲጠይቁት ይጸልይበታል፤ የተጣሉ ሰዎችን አስታርቅልን ሲሉት «ልጸልይበትና ነገ ጠዋት» ብሎ ከወንበሩ ይነሣል። ወጣቶቹ ከኋላው ሆነው «ጋሽ ገብሬ ባጃጅ ሲሳፈሩም ይጸልዩበታል፤ እሳቸው አሜን እስኪሉ ባጃጁ ጎባ ደርሶ ይመለሳል» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ቀልዱ ክፋት አልነበረውም። ጭንቅ ሲመጣ እነዚያው ወጣቶች ናቸው ደጁን የሚያንኳኩት።

እሱም ይህን ስሙን ይወደው ነበር። ሰው ስሙን ቢወድ ምን ነውር አለው? ነውሩ የሚመጣው ስሙን ከነገሩ አስበልጦ የወደደው እንደሆነ ነው። ገብረ መድኅን እዚያ ላይ መድረሱን አላወቀም፤ ቢያውቅም እንኳ ምን እንደሚል እናውቃለን።

የመንገድ ዳር ገበሬዎች የኮምባይን ተራ አስያዥ ያደረጉትም በዚሁ ስሙ ነው። የባሌ ስንዴ በማጭድ የሚዘለቅ አይደለም። ታኅሣሥ ሲገባ ሜዳው በሙሉ አንድ ላይ ይደርሳል፣ ኮምባይኑ ጥቂት ነው፣ ሁሉም ሰው ዛሬውኑ ይፈልገዋል። ስለዚህ ሠፈርተኛው ተሰብስቦ የሚያምነውን አንድ ሰው ይመርጣል። የተመረጠው ሰው ሮቤ ሄዶ ከባለኮምባይኑ ጋር ቀን ይቆርጣል፤ ማሽኑ ሲመጣ ደግሞ የማን ማሳ ከማን እንደሚቀድም ይናገራል። እሱ ካለ አለ ነው፤ ሌላ ይግባኝ የለም።

የገብረ መድኅን ማሳ ከጁሀራ ማሳ ጀርባ ነው። የጁሀራ አስፋልቱን ተጠግቶ፣ የሱ ከዚያ ገባ ብሎ የቤተ ክርስቲያኑን ግጦሽ ይዋሰናል። ኮምባይን የቆመ ስንዴ ረግጦ አያልፍምና፣ ከጥንት ጀምሮ መጀመሪያ የጁሀራ ይታጨዳል፤ ከዚያ ማሽኑ በታጨደው ላይ አልፎ ወደሱ ይገባል። ልማዱን ያመጡት እሱና የጁሀራ ባል ቱፋ ነበሩ። ቱፋ ከሞተ በኋላም ልማዱ እንዳለ ቀጠለ። ጁሀራ ከጥቂት ከብት በቀር ከልጇ ከፈርዶሳ ጋር የምትኖርበት ሌላ ነገር የላትም። የዓመት ቀለባቸውም፣ የከርሞ ዘራቸውም ያችው ማሳ ናት። ይህን ደግሞ ከገብረ መድኅን ይበልጥ የሚያውቅ የለም፤ በቱፋ ለቅሶ ላይ ድንኳን ሙሉ ሰው እየሰማው «እኔ እያለሁ ጁሀራ አትቸገርም» ያለው እሱ ራሱ ነው።

በዚያ ዓመት የሌላው ሰው ስንዴ ገብቶ የሁለቱ ሲቀር ኮምባይኑ ተበላሸ። እሱን ሲጠባበቁ ከሰነቴ ተራራ በላይ ደመና መቆም ጀመረ። በታኅሣሥ እዚያ ምንም ሥራ የሌለው ደመና ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የኮምባይኑ ሾፌር ቀነኒሳ ደወለ። ማሽኑ ተሠርቷል፣ ነገ ይመጣል፣ ግን አመሻሹ ላይ ወደ አጋርፋ መውጣት አለበት፤ እዚያ ከገባ መቼ እንደሚመለስ እሱም አያውቅም። ከሁለቱ ማሳ አንዱን ይጨርሳል፣ ሁለቱን አይችልም። የቱ እንደሆነ ጠዋት ይንገሩኝ አለና ዘጋ።

ገብረ መድኅን ስልኩን ኪሱ ከትቶ ቀጥ ብሎ ወደ ጁሀራ ማሳ ገባ። ዛላ ቀጥፎ በመዳፉ አሸው፣ እብቁን እፍ አለና ፍሬውን በጥርሱ ነከሰው። ቀጭ አለ። የስንዴ ገበሬ ሌላ መለኪያ አያሻውም፤ ፍሬው ጥርስ ሥር ከለሰለሰ እርጥብ ነው፣ ቀጭ ካለ ደርቋል። ወርዶ በወንዙ በኩል ያለውንም ነከሰ። ቀጭ። ወደ ራሱ ማሳ ተሻግሮ ነከሰ፣ ያም ያው ነው። ሁለቱም ደርሰዋል። እንዲህ ከሆነ ነገሩ ያለቀለት ነበር፤ ልማድ አለ፣ ለቅሶ ላይ የተሰጠ ቃል አለ፣ አባት የሌላት ልጅ አለች። እግዚአብሔርን የሚያስቸግር አንዳችም ጥያቄ አልተረፈም። እሱ ግን አንጋጦ ደመናውን አየ፣ ዞሮም የራሱን ማሳ አየ። የራሱ ስንዴ እንደዚያ ዓመት አምሮ አያውቅም። «እስቲ ልጸልይበት» አለ።

ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን አካፋ አነሣና በማሳውና በግጦሹ መካከል ወዳለው ቦይ ሄደ። ድንጋይ እያንከባለለ፣ አፈር እየመለሰ ቦዩን ይሞላው ጀመር። ቦዩ ከተሞላ ኮምባይን በቤተ ክርስቲያኑ ግጦሽ ዞሮ፣ የጁሀራን ማሳ ሳይነካ የሱን መግባት ይችላል። ለምን ትሞላለህ ቢሉት «ምናልባት ቢያስፈልግ» ይል ነበር። ለሚስቱ ለእኅተማርያም ያለውም ይህንኑ ነው፤ ቢዘገይባት ፍለጋ መጥታ ቦዩ ውስጥ ላብ በላብ ሆኖ አገኘችው።

«ጸልየህ ነው ወይስ ልትጸልይ ነው?» አለችው።

ጠዋት እንደሚጸልይ ነገራት። እኅተማርያም ግማሽ የሞላውን ቦይ አየች፣ እሱን አየች።

«እንግዲያው የቀረውን ድንጋይ መድኃኔዓለም ያቀብልህ» ብላ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ሴትዮዋ አፏ አይተኛም። ገብረ መድኅን ተቆጣ፤ ቁጣውም ድንጋይ በማንከባለል ረዳው። ሳይጨልም ቦዩ ሞላ።

ሲነጋ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ነጠላውን አጣፍቶ በሩን ተሳልሞ ከግቢው ጽድ ሥር ቆመ። «መድኃኔዓለም ጌታዬ፣ እኔ አላዋቂ ነኝ፤ ጥበብህን ስጠኝ። የቱን ላስቀድም? እንደ አንተ ፈቃድ እንጂ እንደኔ አይሁን» አለ። ቃሉ ያማረ ነበር፤ እንባም አቀረረ። ይህን ሲል የጁሀራ ፊት መጣበት። ፈርዶሳ በአባቷ ለቅሶ ላይ የሰው እግር መሐል ቁጭ ብላ ታየችው። ገብረ መድኅን ራሱን ነቀነቀ። ሰይጣን ሐሳቤን ሊበትንብኝ ነው ብሎ አማተበና አባረራቸው። መልሱ እንደዚያ እጁን ይዞ መጥቶ ነበር፤ እሱ አማትቦ ሸኘው። ከዚያ ትንሽ ቆየና ሌላ ሐሳብ መጣ። የጁሀራ ማሳ በወንዙ በኩል ጥቂት እርጥበት አያጣውም እኮ፤ እርጥብ ስንዴ ደግሞ ጆንያ ውስጥ ይሻግታል፤ ሴትዮዋን መጉዳት ይሆናል። ይህኛውን አላባረረውም። አሜን አለና ነጠላውን አስተካክሎ ወጣ።

ጁሀራ ማሳዋ ዳር፣ ኮምባይኑን ሊያዩ ከወጡ የሠፈር ሰዎች ጋር ማሽኑን ስትጠብቅ አገኛት። የወንዙ በኩል ትንሽ እንደሚቀረው፣ እሱ ዛሬ የራሱን እንደሚያሳጭድ፣ የሷ ማሽኑ ከአጋርፋ ሲመለስ እንደሚሆን ነገራት፤ ሌሊቱን ሲያስብበት እንዳደረ፣ ጠዋትም እንደጸለየበት ሰዎቹ ሁሉ እየሰሙ አከለ። ጁሀራ እጇ ላይ የያዘችውን ፍሬ ተመለከተች። እሷም የገበሬ ልጅ ናት፣ እሷም ጥርስ አላት።

«እኔስ የደረቀ መስሎኝ ነበር» አለች። ቀጥላም ፍሬውን ከእጇ አራገፈችው። «እርስዎ ከጸለዩበት እኔ ምን እላለሁ፣ ኦቦ ገብረ መድኅን። አላህ ያሳምረው።»

ቀነኒሳ ደግሞ ኮምባይኑ ላይ ተቀምጦ የመንገድ ዳሩን ስንዴ ቁልቁል እያየ ለምን እንደተዘለለ ጠየቀ። እርጥብ ነው አለው ገብረ መድኅን፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ሾፌሩ በሥራው ብዙ ስንዴ ያየ ሰው ነው፤ አንድ ጊዜ ማሳውን አንድ ጊዜ ሰውየውን አየና፣ እርስዎ ያውቃሉ ብሎ መሪውን ወደ ግጦሹ አዞረ።

የገብረ መድኅን ስንዴ በዚያው ቀን ገባ። የመጨረሻው ጆንያ ከጎተራ ደጃፍ ሳይነሣ ካፊያ ጀመረ። ካፊያው ዝናብ ሆነ፣ ዝናቡ ደግሞ እስከ ገና አለቀቀም። ኮምባይኑ አጋርፋ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። የጁሀራ ስንዴ መጀመሪያ ጠቆረ፣ ከዚያ ተኛ፣ ከዚያ ቆሞ ሳለ በየዛላው ላይ አረንጓዴ ጭራ አበቀለ። እንዲህ የበቀለ ስንዴ ሊጡ አይነሣም፣ ለዘርም አይሆንም፤ ለከብት ነው የሚሰጠው።

ገብረ መድኅን ሊጠይቃት ሄደ። መሄዱ ግድ ነው፤ ጎረቤት ነው፣ ሽማግሌ ነው። በመንገዱ ላይ ምን እንደሚላት ሲያሰላስል ሄዶ፣ ደርሶ ያለውን ነገር ሲያስታውሰው ዛሬም ድረስ ጆሮው ይግላል።

«የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፣ ጁሀራ። ምን ይደረጋል» አላት።

ጁሀራ ዓይኗ አብጦ ነበር። ቢሆንም ወንበር አቀረበችለት፣ እንዲያውም ያጽናናችው እሷ ናት። ከአላህ የመጣን ነገር ምን ይሉታል፣ ስታለቅስ ከርማ ልቧን እንዳሳረፈች፣ የእርስዎ እንኳን ተረፈ አልሐምዱሊላህ አለችው። ሲነሣ በር ድረስ ሸኘችው። በዝናቡ ውስጥ ወደ ቤቱ ሲሄድ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው ነበር። መሬት ግን ጭቃ ሆና ጫማውን ከመያዝ በቀር ምንም አላደረገችለትም።

ከዚያ ወዲህ በሷ ደጅ ማለፍ ተወ። ሮቤ ገበያ ሲሄድ በግጦሹ ዞሮ፣ ያንን የሞላውን ቦይ ረግጦ አስፋልት ይወጣል። የፈራው የሷን ቁጣ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ የፈራው ሰላምታዋን ነው። ሰውም አላሳረፈውም። የማያውቁት ሳይቀሩ መንገድ ላይ አስቁመው ይመርቁታል፤ ጸሎቱ ስንዴውን ከዝናብ አፍ ላይ እንዳወጣለት ተወርቷል። አንዱ እንዲያውም የከርሞ ተራዬን ሲይዙ ለኔም ይጸልዩልኝ አለው። ገብረ መድኅን በእያንዳንዱ ምርቃት አንገቱን ይደፋል፣ ሰዎቹም ትሕትናው ነው ብለው ይበልጥ ይመርቁታል። ምን ያድርግ? አፉን ከፍቶ አይ እንዳይል ነገሩ ብዙ ነው። ዝም ሲል ደግሞ ምርቃቱን እየበላ ነው።

ከገበታ ሳይጨርስ መነሣት ጀመረ። እኅተማርያም መጀመሪያ አየችው፣ ታገሠች፣ በመጨረሻ ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ሆዱን ትንሽ እንዳመመው ነገራት።

«ጸልይበታ» አለችው።

 እሱም ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

መጸለዩንስ ሞክሯል። ከጽዱ ሥር ይቆምና «ጌታዬ፣ ምን ላድርግ? ጥበብህን ስጠኝ» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ያፍራል። ምን እንደሚያደርግ ያውቃላ። ጥበቡን አስቀድሞ ሰጥተውት፣ በጥርሱ አስነክሰው፣ እንደገና ስጡኝ እያለ የሚቆም ሰው ምን ይባላል? የሚለምነው ጥበብ ሳይሆን ጊዜ ነበር። ይህን ያወቀ ዕለት ቃሉ አፉ ውስጥ ደረቀና በሩን ሳይሳለም ተመለሰ።

ጥር መድኃኔዓለም ደረሰ። በዚያ ወር ማኅበሩ የሚወጣው በገብረ መድኅን ቤት ነበር። እኅተማርያም ከአዲሱ ስንዴ ድፎ ደፋች፤ ዳቦው ተነፍቶ፣ ቀልቶ ቤቱን አወደው። ካህኑ ባርከው ቆረሱ። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ ብድግ ብለው በእንዲህ ያለ ዝናብ እንዲህ ያለ ዳቦ ያበላን ጌታ ይመስገን አሉ፤ ሁሉን ነገር ለፈቃዱ የሚተው እንደ ወንድማችን ገብረ መድኅን ያለ ሰው አይጥፋብን አሉ። አሜን ተባለ። ገብረ መድኅን የያዘውን ቁራሽ ወደ አፉ ማድረስ ተሳነው።

በዚህ መሐል ፈርዶሳ በሩ ላይ ቆመች። ቱፋ በሕይወት ሳለ ጀምሮ ማኅበሩ እነ ገብረ መድኅን ቤት በወጣ ቁጥር ከነ ጁሀራ ቤት ቅቤ ይላካል። ገብረ መድኅን በዚያ ዓመት ይቀራል ብሎ ነበር፤ እንዲቀርም ለምኖ ነበር። ልጅቷ በጣሳ የያዘችውን ቅቤ ለእኅተማርያም ሰጥታ፣ እናቴ እንኳን አደረሳችሁ ብላለች፣ ዘንድሮ ትንሽ ስለሆነ ይቅርታ ብላለች አለች። ከብቶቻቸው የበቀለውን ስንዴ መብላት ጀምረዋልና ከእንግዲህ ወተቱ ደህና ይሆናል ብላ ደግሞ ፈገግ አለች።

ገብረ መድኅን ቁራሹን መሶቡ ላይ መልሶ ተነሣ። በእንግዶቹ መሐል አልፎ ወደ ጓሮ ወጣ። እኅተማርያም ተከተለችው፤ ግድግዳውን ተደግፎ አገኘችው። ደርቆ ነበር፣ እኔ ነክሼዋለሁ፣ ደርቆ ነበር አላት።

«ለኔ ምን ትነግረኛለህ?» አለችው። «እኔ ቦዩን ስትሞላ አይቼሃለሁ። ለሷ ንገራት።»

እንግዶቹን ትቶ ሄደ። ጁሀራ ግቢዋ ውስጥ የዘረጋችው ሸራ ላይ ተቀምጣ በማጭድ ካስሰበሰበችው ስንዴ ያልበቀለውን እየለቀመች ነበር። ከብዙው ትንሽ ነው የሚገኘው። ስታየው ደስ አላት። ማኅበርተኛ ትቶ መምጣቱ ገርሟት ቅቤው ጎደለ እንዴ ብላ ጠየቀች። ተቀመጡ አለችው፤ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ነገራት። ዝናብ ሳይመጣ በፊት ገብቶ ፍሬውን እንደነከሰ፣ እንደደረቀ እንዳወቀ፣ ሳይጸልይ ቦዩን እንደሞላ፣ ጠዋት ከጽዱ ሥር ሲቆም ወስኖ ጨርሶ እንደነበረ፣ የሷን ፊት በማማተብ እንዳባረረ አንድም ሳያስቀር ነገራት። ሲጨርስ ይቅር በይኝ አለ። ከስንዴዬ ግማሹ ያንቺ ነው፣ ነገ አመጣዋለሁ አለ።

ጁሀራ ለረጅም ጊዜ ስንዴ መልቀሟን ቀጠለች። ከዚያ እጇ ቆመ።

«ዝናቡ ሲመጣ አልቅሼ አልቅሼ፣ ከአላህ ነው ብዬ ተቀበልኩት» አለች። «ከአላህ የመጣ ነገር መሸከም እችልበታለሁ። ቱፋንም የተሸከምኩት እንደዚያ ነው። አሁን መጥተው ከአላህ አይደለም፣ ከኔ ነው አሉኝ። ከሰው የመጣውን እንዴት እንደሚሸከሙት አላውቅም እኔ።»

ገብረ መድኅን ነግሯት ሲያበቃ ቢያንስ ሸክሙ ይቀለኛል ብሎ ነበር የመጣው፤ አሁን የገባው ሸክሙን አንሥቶ እሷ ላይ መጫኑ ነው። አርፋ የነበረችውን ሴትዮ ቀሰቀሳት። ባይነግራት ደግሞ በሱ ውሸት ላይ አርፋ ልትኖር ነበር።

«እህሉን ያምጡ» አለች ጁሀራ ቆይታ። «ሐቄ ነው፣ እቀበላለሁ። ይቅርታውን ግን በእህል አልለውጥም። ደግሞ ይኼን ነገር እዚህ ጓሮዬ ውስጥ ለኔ ብቻ ሹክ ይላሉ። ጸለይኩበት ያሉት ግን በሰው ሁሉ ፊት ነበር።»

ይህን ብላ ወደ ስንዴዋ ተመለሰች። በር ድረስ አልሸኘችውም።

በማግስቱ ገብረ መድኅን ስንዴውን በፈረስ ጋሪ አስጭኖ አስፋልቱን ይዞ መጣ። በግጦሹ ዞሮ መምጣት ይችል ነበር፤ ባለጋሪውም በዚያ ያጥራል ብሎት ነበር። እሱ ግን ሰው ባለበት በኩል ሄደ። ከጋሪው ጎን በእግሩ ተራመደ። የሠፈሩ ሰው ከየቤቱ ወጣ። የመንገድ ዳሩ ባለሱቅ ወዚር ሱቁን ትቶ መጣና ጆንያ ሊያወርድ ትከሻውን ሰጠ፤ ሌሎችም ተከተሉት። የኮምባይን ተራ ያስያዘላቸው ገበሬዎች ናቸው። ጁሀራ በረንዳዋ ላይ ቆማለች፣ ፈርዶሳ ከጎኗ።

ወዚር የመጀመሪያውን ጆንያ በትከሻው እንደያዘ ወደ ሰዎቹ ዞሮ እንዲህ ነው እንጂ ሰው አለ። ለባልቴትና ለየቲም የሚደርስ እንዲህ ያለ ሰው ስንት አለን፣ አላህ ይስጥዎት፣ ሰደቃዎን ይቀበልዎት አለ። ከኋላ አንዱ አሜን አለ፣ ሌላው ተከተለ። ሁሉም ገብረ መድኅንን እያዩ ፈገግ አሉ።

ጁሀራ ከበረንዳዋ እያየችው ነበር።  አንዲት ቃል ብትናገር ታዋርደው ነበር፤ እሷ ግን አፏን አልከፈተችም፣ እንደማትከፍትም ገባው። አሜን ብሎ አንገቱን ቢደፋ ነገሩ እዚያው ያልቃል። እህሉ ይገባል፣ ዕዳው ይከፈላል፣ ስሙም ከነሙሉ ክብሩ፣ እንዲያውም ምጽዋት ተደርቦለት ወደ ቤቱ ይሄዳል። በስሙ እንደዚያ ቀን ሳስቶ አያውቅም። ዕድሜውን በሙሉ የሠራው እሱን ነው፤ ሌላ ሀብት የለውም።

«ሰደቃ አይደለም» አለ። ድምፁ ቀጠነበት፤ እንደገና ጮክ አለ። «ሰደቃ አይደለም። የበላሁባት ነው። ስንዴዋ ደርቆ ነበር፤ አውቄያለሁ። የኔን ላስቀድም ብዬ እርጥብ ነው አልኩ። ጸለይኩበት ያልኳችሁም ውሸቴን ነው።»

ወዚር ጆንያውን ከትከሻው አወረደው።  ከገበሬዎቹ አንዱ፣ የከርሞ ጸሎት የለመነው፣ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ አለ። ሌላው እንዳልሰማ ሰው የጋሪውን ጎማ ያይ ጀመር። ከሁሉ ይልቅ የነሱ ማፈር አሳፈረው፤ ስለሱ ነበር የሚያፍሩት። ፊቱን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ባለጋሪው ዕቃው አይወርድም እንዴ አለ፤ ገብረ መድኅን ወዚር ያወረደውን ጆንያ ራሱ ሊያነሣ ጎንበስ አለ። ዕድሜው የሚፈቅድለት ሸክም አይደለም። ግማሹን አንሥቶ ተንገዳገደ። ሊያግዘው የመጣ አልነበረም። ቆይቶ ወዚር ሳያየው፣ ሳያናግረው በአንደኛው ጫፍ ያዘለት።

እንዲህ አንድ በአንድ አስገቡት። ጁሀራ የት እንደሚቀመጥ በእጇ እያሳየች ቆመች። ሲጨርሱ ለወዚር ውሃ ሰጠችው፣ ለባለጋሪው ሰጠችው፤ ሰዎቹን አመሰገነች። ሰዎቹ ተራ በተራ፣ ገብረ መድኅንን ሳይሰናበቱ ሄዱ። እሱ ግቢው መሐል፣ ነጠላው በብናኝ ተሸፍኖ ብቻውን ቀረ። ይቅርታ እንደገና ሊጠይቅ አልደፈረም፤ ለመሄድም ካልተሸኘ አልሆነለትም።

ጁሀራ ከበረንዳው ወረደች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ያ የድሮው ፈገግታዋም የለም።

«ሰማሁ» አለችው። «እኔ ግን ገና ነኝ፣ ኦቦ ገብረ መድኅን። ልዋሽዎት አልችልም። ልቤ እሺ የሚልበትን ቀን አላውቀውም፤ ላይልም ይችላል።»

ገብረ መድኅን መቼ ብሎ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው።

«ይሁን» አላት።

ባዶው ጋሪ ወደ ሮቤ አቅጣጫ ሄዶ ነበርና፣ በግጦሹ ሳይዞር አስፋልቱን ይዞ በእግሩ ተመለሰ።